ጉሬዛ ከተበላች በኋላ፦ ብቻውን ለቀረ ዳክዬ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቢሾፍቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለልጆቼ ሁለት ዳክዬ ገዛን። ነጯን ጥጥ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነችውን ጉሬዛ አሏቸው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት አውሬ ገብቶ ጉሬዛን አንገቷን በልቶ ጥሏት ሄደ። ጥጥን ጥግ ተወሽቃ አገኘናት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ግቢውን እየዞረች ትፈልጋታለች፤ ጉሬዛ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ ሄዳ ትቆማለች፤ ምግብም የምትቀምሰው ጥቂት ነው። ከማልቀሷ ብዛት ድምጿ ሰልሎ ሹክሹክታ ሆኗል። እሷ እንቁላል ጥላ አታውቅም። ልጆቹ የሚወዱላት ያቺ ጭራዋ ላይ የተጠቀለለችው ላባ እንኳ ተንጨባራለች። ጎረቤት ‹ዶሮ አስገቡላት› ይለናል፤ ባለቤቴ ‹ሐይቅ ወስደን ከዱር ዳክዬዎቹ ጋር እንቀላቅላት› ይላል፤ ልጆቹ መስታወት አስቀምጠውላታል። ዳክዬ አንዴ ከተጣመረች ሌላ አትቀበልም የሚሉም አሉ። በሐዘን ትሞትብናለች ብዬ ፈራሁ። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

ጥጥ ሴት አይደለችም፤ ወንድ ነው። ማስረጃውን ራስዎ ጽፈውልኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም እንቁላል አልጣለም። ጭራው ላይ ወደ ላይ የተጠቀለለ ላባ አለው፤ ይህ የወንድ ዳክዬ ምልክት ነው። ድምፁም የታፈነ ሹክሹክታ ነው። በዳክዬ ዘንድ ሰፈር የሚሰማው ጩኸት የሴቷ ሲሆን፣ ወንዱ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው ያንሾካሹካል። ስለዚህ የጥጥ ድምፅ በለቅሶ አልሰለለም፤ ዱሮም እንዲሁ ነበር። ግቢውን በጩኸት ትሞላ የነበረችው ጉሬዛ ናት። እሷ ዝም ስትል የእሱ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማችሁ። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ወይም ከአፍንጫው ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ግን ነገሩ የጾታ ሳይሆን የበሽታ ነውና ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ይህን ያስቀደምኩት ስሙን እንድትቀይሩለት አይደለም፤ ጥጥ ለወንድም ይሆናል። የምታመጡለት ጓደኛ ማንነት፣ ቁጥርና ዓይነት የሚወሰነው በጾታው ስለሆነ ነው። ጎረቤትዎ የመከሩት የዶሮ ሐሳብ የሚወድቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

ከሐዘኑ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ጥጥን ይዛችሁ ሰውነቱን ፈትሻችኋል? በጥያቄዎ ውስጥ አላየሁትም። ከአውሬ የተረፈ ወፍ «በሐዘን ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ የምሰማው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ሬሳው ሲፈተሽ ደግሞ ከክንፉ ሥር ወይም ጀርባው ላይ የጥርስ ቀዳዳ ይገኛል። የዳክዬ ላባ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቁስልን ይደብቃል፤ ደሙም ወደ ውጭ ብዙ አይታይም። የድመትና የመሳሰሉት ሥጋ በሎች ጥርስ ቀጭንና ረጅም ነው። ከላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ ትቶ ከሥር ጀርሙን ሥጋ ውስጥ ይቀብራል። ድመት አፍ ውስጥ የሚገኘው ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ወፍን ደሙን መርዞ ሊገድለው ይችላል። ምግብ መቀነስ፣ ጥግ መቆም፣ መፍዘዝ የዚህም ምልክት ነው። ከሐዘን ጋር አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ሰው ክንፎቹን ከገላው ጋር አቅፎ ይያዘው፤ ሌላው ላባውን በተቃራኒው እየገለጠ ከአንገት እስከ ጭራ ቆዳውን ይመልከት። አንገት፣ ጀርባ፣ የክንፍ ሥር፣ የጭን ውስጠኛው ክፍል፣ የፊንጢጣ ዙሪያ አይቅሩ። በእግሩ አንጠልጥላችሁ አትያዙት፤ የዳክዬ እግር እንደ ዶሮ እግር ጠንካራ አይደለም። ቀዳዳ፣ ጥቁር እከክ፣ እብጠት፣ ሽታ ወይም የዝንብ እንቁላል ካያችሁ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ለብዙ ሰው ይህ ምክር ከባድ ነው፤ ለእናንተ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ነው። ከመድኃኒት ቤት የዶሮ ዱቄት ገዝታችሁ ውሃ ውስጥ አትበጥብጡለት። ምግብ የቀነሰ ወፍ ውሃም ይቀንሳል፤ ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደ ማንም አያውቅም። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስም ወደ ኩሬ አይግባ።

ስለ ራሳችሁም አንድ ነገር ልናገር። የእብድ ውሻ በሽታ የአጥቢ እንስሳት በሽታ ስለሆነ ጥጥ ወደ ልጆቹ ያስተላልፋል ብላችሁ አትስጉ። ነገር ግን የጉሬዛን ሬሳ ያነሳው ሰው እጁ ላይ ክፍት ቁስል ከነበረና የአውሬው ምራቅ ገና እርጥብ ከነበረ፣ ስድስት ቀን ቢያልፍም ጤና ጣቢያ ሄዶ ያማክር። አውሬውን ለማባረር የሞከረና የተቧጨረ ካለ ደግሞ ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ወዲያውኑ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ክትባት ይጀምር።

ቁስል ካልተገኘ ወደ ምግቡ እንሂድ። «ጥቂት ይቀምሳል» የሚለው ቃልዎ አያረካኝም፤ ሚዛን ያስፈልጋል። በየጠዋቱ ከመብላቱ በፊት ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ መዝኑትና ጻፉት። አንድ አስረኛ ክብደቱን ከቀነሰ፣ ማለትም 3 ኪሎ የነበረው 2 ኪሎ ከ700 ከደረሰ፣ መጠበቅ የለም፤ ሐኪም ይየው። ኩሱንም ተመልከቱ። ደማቅ አረንጓዴና ውሃማ ከሆነ ሆዱ ባዶ ነው ማለት ነው። ምግቡን ውሃ አጠገብ አስቀምጡለት፤ ዳክዬ አንድ ጉርሻ በልቶ አንድ ጊዜ ምንቃሩን ይነክራል፤ ውሃ ከራቀው ይተወዋል። መጠጫው አፍንጫውንና ዓይኑን እስኪያጥብ ድረስ ጠለቅ ያለ ይሁን። የሚወደውን ሁሉ ስጡት፦ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ወይም ሰላጣ ውሃ ላይ ተንሳፎ፣ በውሃ የራሰ የዶሮ መኖ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ከአትክልት ሥር የተቆፈረ የምድር ትል። ዳቦ ሆዱን ሞልቶ ገላውን የሚያስርብ ነገር ነው፤ ይቅር። አተላም ይቅር። የዶሮ መኖ ለዳክዬ የሚጎድለው ነገር ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚን ነው፤ ዳክዬ ከዶሮ በብዙ የበለጠ ይፈልገዋል፤ ሲያንሰው እግሩ ይደክማል። ከተገኘ ትንሽ የቢራ እርሾ ዱቄት መኖው ላይ መነስነስ ይበቃል።

አሁን ስለ ሐዘኑ። ዳክዬ ያዝናል? እኔ የምመልሰው በሚታየው ነው። ጓደኛው የጠፋበት ዳክዬ ይጣራል፣ አብረው ይሆኑበት የነበረውን ቦታ እየዞረ ይፈትሻል፣ መብላት ይቀንሳል፣ ከሰው ይሸሻል ወይም በተቃራኒው ሰውን ሙጭጭ ይላል። የእናንተው ጥጥ ጉሬዛ እንቁላል በምትጥልበት ቦታ መቆሙ ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ውስጡ የሚሰማው ነገር የእኛ ዓይነት ሐዘን ነው ብዬ አልምልም፤ አይደለም ብሎ ልጆቹን የሚቆጣ ሰው ካለም አላግዘውም። እርግጠኛ የሆንኩት ግን ግማሹ ነገር ፍርሃት እንደሆነ ነው።

ለምን ፍርሃት አልኩ? ዳክዬ የመንጋ እንስሳ ነው፤ መንጋው ዘበኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካዋ ኢንዲያና የሚገኙ ተመራማሪዎች የዱር ዳክዬዎችን በረድፍ አስተኝተው እንቅልፋቸውን ሲለኩ፣ መሐል ያሉት ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው ሲተኙ፣ ከረድፉ ጫፍና ጫፍ ያሉት ግን ወደ ውጭ የሚያየውን ዓይናቸውን ገልጠው ግማሽ አንጎላቸውን ብቻ ያስተኙ ነበር። የጫፎቹ ግማሽ እንቅልፍ ከመሐለኞቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጥጥ አሁን መሐል የሌለው ረድፍ ነው፤ በሁሉም በኩል ጫፍ እሱ ነው። ጓደኛው በተገደለችበት ቤት፣ አውሬው በገባበት ቀዳዳ አጠገብ፣ ስድስት ሌሊት አድሯል። ቀን ቢፈዝና ምግብ ቢያስጠላው አይገርምም። ዛሬ ማታ እቤት አስገቡት። ሰፊ ካርቶን፣ ከሥሩ ገለባ፣ ጥግ ላይ ውሃ፣ የቤተሰቡ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ። ይህን ባደረጉ ቤቶች፣ ወፉ ካልቆሰለ፣ በሁለት ሦስት ቀን ምግቡ ሲመለስ አይቻለሁ።

«አንዴ ከተጣመረ ሌላ አይቀበልም» የሚለው ከዝይ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው ኦስትሪያዊው ኮንራድ ሎሬንዝ ግራጫ ዝይዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ጓደኛዋን ያጣች ዝይ እንዴት እንደምትፈልግና እንደምትፈዝ ጽፏል፤ ጥንድነታቸውም ረጅም ነው። የዳክዬ ነገር ሌላ ነው። የእርባታ ዳክዬዎች አብዛኞቹ የተገኙበት የዱር ዳክዬ የሚጣመረው ለአንድ የመራቢያ ወቅት ነው፤ ሴቷ እንቁላሏ ላይ ስትተኛ ወንዱ ትቷት ይሄዳል። ለከርሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ጥጥ አዲስ ጓደኛ አይቀበልም የሚል ስጋት ይውጣላችሁ። እንዲያውም የሚያሰጋኝ ተቃራኒው ነው፤ ከሚገባው በላይ ይቀበላል።

ጓደኛ ከማምጣታችሁ በፊት ግን ቤቱ። እዚህ ላይ አልደራደርም፤ ቤቱ ሳይስተካከል ሌላ ዳክዬ መግዛት ለአውሬው ቀለብ መስፈር ነው። አንድ ጊዜ የቀናው አውሬ መንገዱን አይረሳም፤ ነገም፣ በሳምንቱም፣ በወሩም ይመጣል። ከአገዳደሉ ስገምት ሸለምጥማጥ ነው። ጅብ ቢሆን የምትቀብሩት ነገር አይተርፍም ነበር፤ ውሻ ቦጫጭቆ ግቢውን በላባ ይሞላዋል፤ ጭልፊት በሌሊት አይመጣም። አንገት ይዞ ገድሎ፣ መሸከም ያቃተውን ትቶ የሚሄድ ትንሽ ሥጋ በል ነው። የሰፈር ድመትም ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ ዳክዬ መድፈሩ ግን ብርቅ ነው።

ሸለምጥማጥ ዛፍ ይወጣል፣ በግንብ ጫፍ ይሄዳል፣ ጭንቅላቱ በሾለከበት ገላው ይሾልካል። «በሩን ዘግተን ነበር» የሚሉኝ ሰዎች ቤት ስሄድ ብዙ ጊዜ የማገኘው በጣሪያውና በግድግዳው መካከል የተተወ ክፍተት ነው። ሁለተኛው ጥፋተኛ ያ ስስ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ የዶሮ ሽቦ ነው። ስሙ እንደሚለው ዶሮ እንዳይወጣ ያግዳል፤ አውሬ እንዳይገባ ግን አያግድም፤ ውሻ በጥርሱ ይቀደዋል፣ ትንሹ ደግሞ በቀዳዳው እጁን ይሰዳል። የሚያስፈልገው በብየዳ የተያያዘ፣ ቀዳዳው ከ1.5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ነው። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ግቢውን በሙሉ እጠሩ የማልለው። የሚያድሩበትን አንዲት ትንሽ ቤት ብቻ ምሽግ አድርጓት፤ ለአንድ ዳክዬ ግማሽ ካሬ ሜትር ወለል ለማደሪያ ይበቃል። ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁንና ከግድግዳው ጋር ክፍተት አይተው። በዙሪያው ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፋችሁ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ አንጥፉትና ድንጋይ ጫኑበት፤ የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ሲጀምር ሽቦ ያገኘዋል፤ ወደ ኋላ ርቆ መቆፈር አያስብም። በሩ በሲባጎ አይታሰር፤ መቀርቀሪያ ይግባለት። ከላይ በኩል በሽቦ የተሸፈነ የአየር መግቢያ ተዉለት፤ ዳክዬ ወለሉን ስለሚያረጥብ የታፈነ ቤት ሳንባውን ይጎዳዋል።

ዶሮ ሲመሽ በራሷ ገብታ ቆጥ ላይ ትወጣለች። ዳክዬ እንዲህ አያደርግም። መሬት ላይ የሚተኛ፣ ጨረቃ ካለች ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር የሚያድር እንስሳ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነድቶ የሚያስገባው፣ ቆጥሮ የሚዘጋው አንድ ሰው ይሰየም። ልጆቹ ይህን ሥራ ይወዱታል፤ መቀርቀሪያውን ግን ትልቅ ሰው ይየው።

አጥሩን ስትሠሩ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የተቆረጠች ሽቦና የወደቀች ሚስማር ለዳክዬ ጥሬ ትመስለዋለች፤ ይውጣታል። ሽቦው የተለበጠበት ዚንክ ሆዱ ውስጥ ሟሙቶ ይመርዘዋል። አናጺው ከሄደ በኋላ መሬቱን በእጅ፣ ከተገኘም በማግኔት ልቀሙ። ለአውሬው መርዝ ማስቀመጥ ግን በፍጹም አይሆንም። መርዙን የሚበላው የጎረቤት ውሻ ነው፤ የሞተውን የምታነሳው ጭልፊት ናት፤ ጥጥ ራሱም አፈሩን ሲያበጥር ሊያገኘው ይችላል።

ወደ ጓደኛው እንምጣ። ባለቤትዎ ያሰቡት ሐይቅ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሆራም ሆነ ባቦጋያ። እንደ ጥጥ ያለ ከባድ ነጭ የእርባታ ዳክዬ መብረር አይችልም፤ ነጭነቱ ከሩቅ ይጠራል፤ ምግብ ከሳፋ እንጂ ከጭቃ ፈልጎ አያውቅም። የሐይቁ ዳክዬዎች ሲነሱ እሱ ይቀራል። ከዱር የውሃ ወፎች የወፍ ጉንፋን ሊይዝ ይችላል፤ ከግቢ የያዘውንም ለእነሱ ሊያስተላልፍ ይችላል። ነፃ ማውጣት ይመስላል፤ ለውሻ መስጠት ነው።

«ዶሮ አስገቡላት» ወዳሉት ጎረቤትዎ ስመለስ፦ ዶሮና ዳክዬ በአንድ ግቢ ይውላሉ፤ ጥጥ ሴት ቢሆን ኖሮ «ለጊዜው ምንም አይደለም» እል ነበር። ወንድ ዳክዬ ግን ብልት አለው፤ አውራ ዶሮ የለውም። የሴት ዶሮ አካል ለዚያ አልተሠራም። ሴት አጥቶ ዶሮ ላይ የወጣ ዳክዬ ዶሮዋን ከውስጥ ቀዶ ሊገድላት ይችላል። በዚያ ላይ ፈንግል አለ። ዳክዬ የፈንግልን ቫይረስ ምንም ሳይታመም ተሸክሞ ለዶሮ ሊያቀብል ይችላል፤ ጎረቤትዎ ዶሮ ካላቸው የራሳቸውን ሊጨርሱ ነው የመከሩዎት። ደግሞም ዶሮ ውሃ ትፈራለች፣ ማታ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ ቋንቋቸውም አይገናኝም፤ ጥጥ መሬት ላይ ብቻውን ያድራል።

መስታወቱን አልነቅፍም። ብዙ ዳክዬ አጠገቡ ሄዶ ይተኛል፤ የራሱን ምስል እንደ ባልንጀራ ቢያየው የሚጎዳው ነገር የለም። እንዳይወድቅ ይታሰር፤ ጥጥ ምስሉን መውጋት ከጀመረ ይነሳ። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ይሠራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ መልስ የማይሰጥ ጓደኛ ነው። ልጆቹ አጠገቡ መቀመጣቸውም ለቀን ጥሩ ነው፤ ሌሊት ግን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ከዳክዬ ጋር አያድርም። ጫጩት መግዛትም ለአሁኑ አይረዳውም። ጫጩት ሙቀት ይፈልጋል፣ ላባ እስኪያወጣ ሁለት ወር ገደማ ተለይቶ ማደግ አለበት፣ ትልቁ ወንድ ሊረግጠው ወይም ሊያሰጥመው ይችላል።

ምክሬ ይህ ነው፦ ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ፣ ከጥጥ ጋር ተቀራራቢ ክብደት ያላቸው ሦስት ሴት ዳክዬዎች አምጡ። ሦስት ካልተቻለ ሁለት። አንዲት ብቻ አታምጡ። አንድ ወንድ አንዲት ሴት ላይ ብቻ ሲወጣ ማጅራቷን እየነከሰ ላባዋን ይነጫል፣ ያቆስላታል፣ ኩሬ ውስጥ ከሆነም ያሰጥማታል፤ ከጉሬዛ ጋር ይህ ካልደረሰ ዕድለኞች ነበራችሁ። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ግልጽ ነው፦ ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ በሞተ ቁጥር ዛሬ ያላችሁበት ቦታ ትመለሳላችሁ። ዳክዬ በደንብ ከተያዘ 8 እና 10 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ነገሩ መደጋገሙ አይቀርም። እንቁላልና ጫጩት የማትፈልጉ ከሆነ ሌላ አንድ ወንድ ማምጣትም ይቻላል፤ ሴት በሌለበት ወንዶች ጥቂት ቀን ተናክሰው ብዙ ጊዜ ይስማማሉ።

ሲገዙ ሻጩ «ሴት ናት» ስላለዎት ብቻ አይመኑ። አንስተው ይያዟት፤ ሴት ከሆነች ገበያው ሁሉ ይሰማታል። ፊቷ ላይ ቀይ ሥጋማ እብጠት ያለባት፣ ከመጮህ ይልቅ የምትተነፍስ የምትመስለው ዓይነት ከሌላ ዝርያ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች ናት፤ አብራ መኖር ትችላለች፣ ከጥጥ የምትወልዳቸው ግን መካን ናቸው። የበዓል ሰሞን ገበያ ላይ አይግዙ። ከየአገሩ የመጣ ዶሮ ተቃቅፎ በሚያድርበት ሰሞን ፈንግልም አብሮ ይሸጣል። ከተቻለ አርቢ ቤት ሄደው፣ የቀሩትን ዳክዬዎች አይተው ይግዙ።

አዲሶቹ ከመጡ በኋላ አራት ሳምንት ተለይተው ይቆዩ። ግቢያችሁ በሚፈቅደው መጠን ይራቁ፤ ውሃቸውና ሳፋቸው የተለየ ይሁን፤ መጀመሪያ ጥጥን አብሉ፣ ከዚያ እነሱን፤ ጫማችሁን ቀይሩ። እዚህ ላይ ሁለት ጥቅሞች ይጋጫሉ፤ ለጥጥ ዛሬውኑ ጓደኛ ቢመጣለት ይሻላል፣ ለጤናው ደግሞ መቆየት። እኔ ጤናውን አስቀድማለሁ። ርቀት ጠብቀውም ቢሆን ድምፃቸውን ይሰማል፤ የሴቶቹ ጩኸት ግቢው ሲገባ ጥጥ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ታዩታላችሁ። ከአራት ሳምንት በኋላ በመካከላቸው ሽቦ ብቻ አድርጋችሁ አንድ ሳምንት አቆዩአቸው። ከዚያ ለማናቸውም ቤት ባልሆነ የግቢው ክፍል፣ ሁለት የምግብና ሁለት የውሃ ዕቃ አስቀምጣችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቀላቅሏቸው። ማሳደድና ላባ መንከስ ይኖራል፤ ደም ካልወጣና አንዷ ምግብ ካልተከለከለች ጣልቃ አትግቡ። ደም ከወጣ ጥጥን ለይታችሁ ከሦስት ቀን በኋላ ድጋሚ ሞክሩ።

ይህን ሁሉ ማድረግ የማትችሉ ከሆነ፣ የቤት ኪራይ ይሁን ወጪ፣ ጥጥን መንጋ ላለው ሰው ስጡት። በሰፊ ግቢ ዳክዬ የሚያረቡ ሰዎች ቢሾፍቱ ውስጥ ፈልጎ አይጠፋም። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ሄደው ያዩታል። ብቻውን አስቀርቶ በፍቅር ማካካስ ግን አማራጭ አድርጌ አልቆጥረውም፤ ቀኑን ትሞሉለት ይሆናል፣ ሌሊቱ ግን የመንጋ ነው።

የጉሬዛን ሬሳ ለጥጥ አሳዩት የሚል ምክር ከሰማችሁ፣ ዘግይቷልና አታስቡበት፤ ከተቀበረ ማውጣት የለም። ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር ካነሰ ግን ድንጋይ ጨምሩበት፤ አውሬ ይቆፍረዋል። ጉሬዛ እንቁላል ትጥልበት የነበረውን ቦታ ገለባውን አውጥታችሁ አቃጥሉ። አዲሶቹ መጣል ሲጀምሩም እንቁላሉን በየጠዋቱ ሰብስቡ፤ ጫጩት ፈልጋችሁ አንዷን ለ28 ቀን ካስታቀፋችኋት የምትታቀፈው ከዚያችው ሽቦ ከለበሰችው ቤት ውስጥ ይሁን። ሸለምጥማጥ ከዳክዬዋ በፊት የሚወደው እንቁላሉን ነው፤ መንገዱን የለመደውም በእሱ ሊሆን ይችላል።